የእጅ ድምፅ መቅረጫ ለባንድ ልምምድና ለመድረክ ሥራ፦ በጎጃም ለሚሠሩ ባንዶችና የባህል ኪነት ቡድኖች

በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በእንጅባራ የሚሠራ ባንድ ልምምዱን ሲቀርጽ የሚፈልገውና የሠርግ ወይም የመድረክ ሥራውን ሲቀርጽ የሚፈልገው አንድ አይደለም። የልምምድ ቅጂ የቡድኑ የራሱ ነው፤ ከበሮው የት ላይ እንደፈጠነ፣ የማን ቅኝት እንደወረደ፣ ተቀባዮቹ የትኛውን ስንኝ እንደዋጡት ከተሰማበት ሥራውን ጨርሷል። የመድረክ ቅጂ ግን የሌላ ሰው ጆሮ ይጠብቀዋል፤ ያመለጠውም ተመልሶ አይገኝም። መሣሪያው አንድ ሊሆን ይችላል፤ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የሚስተካከልበት የድምፅ መጠንና የሚደረግለት ጥንቃቄ ግን ይለያያል። ይህን ሳይለይ ውድ መቅረጫ የገዛ ቡድን፣ ርካሹን በተገቢው ቦታ ካቆመ ቡድን የባሰ ድምፅ ይዞ ቢመለስ የሚያስገርም አይሆንም።

ስልክ እያለ መቅረጫ ለምን ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የስልክ መቅጃ በአብዛኛው ለንግግር የተዘጋጀ በመሆኑ ዝቅ ያለውን ድምፅ ራሱ ከፍ፣ ከፍ ያለውን ራሱ ዝቅ ያደርጋል። ይህ ጠባይ ለስብሰባ ይጠቅም ይሆናል፤ ለጎጃም ሙዚቃ ግን አይሆንም። ማሲንቆው ብቻውን በቀስታ መግቢያውን ሲጫወት ስልኩ ድምፁን ያጎላዋል፤ ከበሮው ሲመታ፣ ሽለላው ሲነሣና እልልታው ሲከተል ደግሞ በቅጽበት ያፍነዋል፤ ከእያንዳንዱ የከበሮ ምት በኋላም ዜማው ሲያብጥና ሲሰልል ይሰማል። ቀረርቶ የሚያቀርብ ድምፃዊ ከለሆሳስ ተነሥቶ እስከ ጩኸት የሚወጣበት መንገድ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ የሥራው ግማሽ ኃይል ያለው ደግሞ በዚያ መንገድ ላይ ነው። የእጅ መቅረጫ ትልቁ ጥቅም ይህን ራስ-ሰር ማስተካከያ ዘግቶ መጠኑን በሰው እጅ ለማቆም ማስቻሉ ነው። ስለዚህ መቅረጫ ገዝቶ ራስ-ሰር ማስተካከያውን ክፍት የሚተው ሰው ሌላ ስልክ እንደገዛ ይቁጠረው።

የትኛውን እንግዛ?

ለልምምድ ብቻ ከሆነ ትንንሾቹ ይበቃሉ። ዙም ኤች1ኤን ሁለት የሪሞት ባትሪ፣ ታስካም ዲአር-05ኤክስ ደግሞ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ባትሪ ገብቶላቸው ለሰዓታት ይሠራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት የማይኮቹ አቅጣጫ ነው፤ የዙሙ ማይኮች ተጠላልፈው ወደፊት የሚያዩ ሲሆኑ የታስካሙ ከሁሉም አቅጣጫ ይሰማሉ። ክብ ሠርቶ ለሚለማመድ ቡድን ከመሐል የሚቆመው ሁለተኛው ይመቻል፤ የሚያስተጋባ አዳራሽ ውስጥ ለሚለማመድ ግን ከኋላ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው የመጀመሪያው ይሻላል።

የመድረክ ሥራ የሚበዛበት ቡድን ትልቁን የማይክ ጃክ የሚቀበል መቅረጫ ያስፈልገዋል። ዙም ኤች4ኤን ፕሮ፣ ኤች5፣ ኤች6 እና ታስካም ዲአር-40ኤክስ እንዲህ ዓይነት መግቢያ አላቸው፤ ኃይል የሚፈልገውን ኮንደንሰር ማይክ ለሚጠቀምም 48 ቮልት ይሰጣሉ። ዙም በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ኤሴንሻል የሚባሉት ባለ 32 ቢት ፍሎት መቅረጫዎች ደግሞ የጌን (የመግቢያ ድምፅ መጠን) ማስተካከያን ጭንቀት በእጅጉ አቃልለዋል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ የተቀረጸውን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማስተካከል ይቻላል። ሆኖም ይህ ስም ብዙ ሰው ያታልላል። ማይኩ ራሱ ከአቅሙ በላይ የሆነ ድምፅ ከደረሰበት፣ ወይም ከሚክሰሩ (ከድምፅ ማደባለቂያው) የመጣው ድምፅ እዚያው ተሰነጣጥቆ ከመጣ፣ 32 ቢት የሚያድነው ነገር የለም፤ ሞንታርቦ (ትልቅ ድምፅ ማጉያ) ፊት የተተከለ መቅረጫም የዚያን ሞንታርቦ ድምፅ ከመቅዳት አይመለስም።

ከመቅረጫው እኩል ሊታሰብበት የሚገባው ሚሞሪ ካርዱ ነው። በላዩ የተጻፈው መጠንና በውስጡ ያለው የማይገናኝ ካርድ በገበያ ላይ ሞልቷል፤ እንዲህ ያለው ካርድ የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች በደህና ይዞ የኋለኞቹን ያጠፋል። አዲስ ካርድ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት እስኪሞላ ድረስ በማንኛውም ፋይል ሞልቶ የመጨረሻው ፋይል መከፈቱን ማየት፣ ከዚያም ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን መቅረጫው ውስጥ ፎርማት ማድረግ ይገባል።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት የሚስተካከሉ

የፋይሉ ዓይነት ዌቭ (ድምፁ ሳይታመቅ የሚቀመጥበት)፣ ጥራቱም 24 ቢት በ48 ኪሎኸርትዝ ይሁን። በዚህ ጥራት አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ 30 ሰዓት ያህል ይይዛል ማለት ነው። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ በኤምፒ3 መቅረጽ ለልምምድ ባያስከፋም ለመድረክ ግን አይመከርም፤ ከዌቭ ኤምፒ3 ማውጣት በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፣ በኤምፒ3 ጊዜ የተጣለውን ድምፅ ግን ማንም አይመልሰውም። ብዙዎቹ መቅረጫዎች ፋይሉ 2 ጊጋባይት ሲደርስ፣ ማለትም ከሁለት ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል፣ ቀረጻውን ሳያቋርጡ ራሳቸው አዲስ ፋይል ይከፍታሉና በረጅም ምሽት ሥራ ሁለትና ሦስት ፋይል ቢገኝ ሊያስደነግጥ አይገባም።

ሰዓትና ቀኑም ይሞላ። መቅረጫዎቹ የሚያውቁት የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ማታ 2 ሰዓት የተጀመረው ሥራ 20 ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። ይህ አንድ ቡድን ከብዙ ወር በኋላ ፋይል ሲፈልግ ግር ያሰኘዋልና፣ ቀላሉ መፍትሔ ቀረጻው እንደተጀመረ አንድ ሰው ቀረብ ብሎ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ቦታውንና የዘፈኑን ስም በድምፅ መናገሩ ነው። በማስታወሻ ደብተር ላይ ከሚጻፈው ይልቅ ይህ አይጠፋም።

የድምፅ መጠኑን ለማስተካከል ቡድኑ ከፍ ያለውን ክፍል እንዲጫወት ይደረጋል፤ ዝቅ ካለው መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። ከበሮውና ተቀባዮቹ በሙሉ ኃይላቸው ሲሠሩ መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢደርስ በቂ ነው። ለመድረክ ደግሞ በሳውንድ ቼክ (በድምፅ ሙከራ) ጊዜ ከዜሮ በታች 18 ዴሲቤል አካባቢ ላይ መተው ብልህነት ነው፤ ሕዝብ ሲገባና ሽልማት ሲጀመር ሁሉም ተጫዋች ሳያውቀው ድምፁን ይጨምራል። ዝቅ ብሎ የተቀረጸ 24 ቢት ድምፅ በኋላ ከፍ ቢደረግ ብዙ አይጎዳም፤ ዜሮ ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን እንደተሰነጠቀ ይቀራል። ቁጥሩ አንዴ ከተወሰነ በኋላ በዘፈን መሐል መነካካት አይገባም። ኤች5 ወይም ኤች6 ያለው ቡድን ግን አንድ ተጨማሪ መጠባበቂያ አለው፦ ያንኑ ድምፅ 12 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው ሁለተኛ ፋይል ላይ የሚያስቀምጡበት ምርጫ ስላለ በመድረክ ሥራ ቢከፈት ይጠቅማል።

የልምምድ ቀረጻ

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የቦታ ጉዳይ ሁሉም ነገር ነውና። ብዙዎቹ ቡድኖች የሚለማመዱት የቆርቆሮ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል ነው። እንዲህ ያለ ክፍል የከበሮውን ምት ደጋግሞ ይመልሳል፣ የዘፈኑን ቃልም ያደበዝዛል። ከመቅረጫው ጀርባ ባለው ግድግዳና ከዚያ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ቢሰቀል፣ ወለሉም ምንጣፍ ቢነጠፍበት፣ ለውጡ አዲስ መቅረጫ ከመግዛት ይበልጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ቆርቆሮ ላይ ከሚወርደው ዝናብ ጋር የሚታገል መላ የለም፤ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የሚሻለው የቀረጻውን ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋት ማዛወር ነው።

መቅረጫው ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። ጠረጴዛ የእግር ምትን፣ የከበሮን ንዝረትና የቡና ስኒን ሁሉ ወደ ማይኩ ያስተላልፋል። አብዛኞቹ መቅረጫዎች ከሥራቸው የካሜራ ብሎን መግቢያ ስላላቸው የፎቶ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ይበቃል። ቁመቱ የቆመ ሰው ደረት ላይ ቢሆን፣ ከፊተኛው ተጫዋችም ሁለት ወይም ሦስት ሜትር ቢርቅ ጥሩ መነሻ ነው። ወደ ክፍሉ ጥግ ማስጠጋት ግን ወፍራሙን ድምፅ ያለ ልክ ያሳብጠዋል፤ የቤዝ ጊታርና የከበሮ ድምፅ «ከየት መጣ?» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከጥጉ ነው።

ቀጥሎ ተጫዋቾቹ ይደረደራሉ። ሚዛኑን በመቅረጫው አዝራር ማስተካከል አይቻልም፤ የሚስተካከለው በሰዎቹ አቀማመጥ ነው። ከበሮ መቺው ወደኋላ፣ ክራርና ዋሽንት ወደፊት፣ ድምፃዊው መሐል፣ ተቀባዮቹ ከድምፃዊው ጀርባ በግማሽ ክብ ይቆማሉ። የማሲንቆው ጭራ ከደጋኑ ጭራ ጋር ሲፋተግ የሚወጣው ጫጫታ ቅርብ ሲሆን ዜማውን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ማሲንቆ መቺው ትንሽ ወደ ጎን ቢቀመጥ ድምፁ ይለሰልሳል። ዋሽንት ነፊውም ትንፋሹ በቀጥታ ወደ ማይኩ እንዳይሄድ ፊቱን አዞር ያደርጋል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ተቀርጾ በሄድፎን ይሰማል፤ ክራሩ ከጠፋ ክራር መቺው ግማሽ እርምጃ ይቀርባል፣ ከበሮው ከገነነ ከበሮው ይርቃል፣ ሌላ አንድ ደቂቃ ይቀረጻል። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም አንድ ጊዜ ከተገኘ በኋላ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎ በየሳምንቱ መጠቀም ይቻላል። ለዘመናዊ ባንድም ደንቡ ያው ነው፤ የኪቦርዱና የጊታሩ አምፕሊፋየሮች ወደ መቅረጫው ሳይሆን ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ቢዞሩ ሁሉም የየራሱን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ይሰማል።

ሦስት ሰዓት ሙሉ የተቀረጸ ልምምድ ማንም አይሰማውም። እያንዳንዱ ዘፈን ከተሠራ በኋላ ሳይቋረጥ የተጫወተበት የመጨረሻው ዙር ብቻ ይቀረጽ። ከእያንዳንዱ ዙር በፊትና በኋላ ክራሩ የቅኝቱን ክሮች አንድ በአንድ ቢመታ፣ ዘፈኑ በባቲ ቅኝት ተጀምሮ ሳይታወቅ ወርዶ እንደተጠናቀቀ ወዲያው ይታያል። ድምፃዊው ከፍ ለማለት ሲጥር ዜማውን ይዞ እንደሚንሸራተት ብዙ ሰው ያውቃል፤ ማሲንቆውም ዘፋኙን ተከትሎ አብሮ ስለሚንሸራተት በቦታው ላለ ጆሮ አይሰማም፣ በቅጂው ግን የመነሻው ክራር ያሳብቃል።

ለማዳመጥም ሥርዓት ይኑረው። በትንሿ የመቅረጫ ስፒከር መፍረድ ለከበሮና ለቤዝ ግፍ ነው፤ በሄድፎን ወይም በደህና ስፒከር ይሰማ። አንዳንድ መቅረጫዎች፣ ኤች1ኤንን ጨምሮ፣ አንድን ክፍል ደጋግመው ማጫወትና ቅኝቱን ሳይለውጡ ፍጥነቱን መቀነስ ይችላሉ፤ ከበሮውና የተወዛዋዦቹ ጭብጨባ የተለያዩበትን ቦታ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም። የቡድኑ መሪ ሁሉንም ከማሰማት ይልቅ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ መርጦ ቢያሰማ ጭቅጭቁም ይቀንሳል።

የመድረክና የሠርግ ቀረጻ

መድረክ ላይ ሦስት መንገድ አለ፦ ከታዳሚው ወገን በመቅረጫው ማይክ ብቻ መቅረጽ፣ ከሚክሰሩ ብቻ መውሰድ፣ ወይም ሁለቱን በአንድነት መያዝ። ከሚክሰሩ የሚገኘው ድምፅ ንጹሕ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱን ይመርጣል፣ በትንሽ አዳራሽ ወይም በድንኳን ውስጥ ግን ያሳዝናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የድምፅ ባለሙያው በሚክሰሩ የሚጨምረው በአዳራሹ ውስጥ የጎደለውን ብቻ ነው። ከበሮው ያለ ማይክ ስለሚሰማ በሚክሰሩ ውስጥ የለም፣ የድምፃዊው ድምፅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው፤ እልልታውና ጭብጨባው ጨርሶ የለም። ውጤቱ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚዘፍን ሰው ይመስላል። ስለዚህ አራት ትራክ (የየብቻ የድምፅ መስመር) ያለው መቅረጫ ያለው ቡድን ሁለቱን ከሚክሰር፣ ሁለቱን ከራሱ ማይኮች ይውሰድ። ይህ ከሌለ፣ በአዳራሹ ውስጥ በተመረጠ ቦታ የቆመ መቅረጫ ከሚክሰር ብቻ ከተወሰደው እንደሚሻል አልጠራጠርም።

ሁለቱ ሲዋሐዱ የጊዜ ልዩነት ይመጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከሞንታርቦው 10 ሜትር የራቀ ማይክ ድምፁን የሚያገኘው ከሚክሰሩ 29 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ሳይስተካከል ከተደባለቀ ድምፁ ጎድጓዳ ይሆናል። ከዝግጅቱ በፊት አንድ ሰው በመድረኩ ማይክ ፊት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ቢያጨበጭብ፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ የሁለቱን ጭብጨባ ጫፍ አጋጥሞ ማስተካከል ቀላል ነው።

የኬብሉ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማይክ ድምፅ የሚለካው በሚሊቮልት ነው፤ የቤት ዕቃ ዓይነት የሪከርድ መውጫ ግን 0.316 ቮልት፣ የባለሙያ ሚክሰር ዋና መውጫ ደግሞ 1.23 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ይህን ወደ ማይክ መግቢያ መሰካት የመቅረጫው ጌን ዜሮ ቢሆን እንኳ ድምፁን ያሰነጥቀዋል። መግቢያው ወደ ላይን (ከመሣሪያ ለሚመጣ ከፍ ያለ ድምፅ) ይቀየር፣ 48 ቮልቱም ከመሰካቱ በፊት ይዘጋ። ከሁሉ በፊት ግን የድምፅ ባለሙያውን ማስፈቀድ ተገቢ ነው፤ ሥራ በተጣደፈበት ሰዓት ሳይጠይቅ ሚክሰሩን የሚነካ ሰውን ማንም አይወድም።

ኤሌክትሪክ ሌላው ችግር ነው። መቅረጫው ከሶኬት ኃይል እየወሰደ ከሚክሰሩ ጋር ሲገናኝ በመሬት መስመሩ በኩል የ50 ኸርትዝ እምቢልታ የመሰለ ድምፅ ይገባል፤ ከጄኔሬተር ሲሆን ይብሳል። መብራት ሲጠፋም ፋይሉ ሳይዘጋ ይቋረጣል። ስለዚህ መቅረጫው በባትሪ ብቻ ይሥራ። የሚሞላ ባትሪ 1.2 ቮልት፣ ተራው 1.5 ቮልት በመሆኑ በመቅረጫው ውስጥ የባትሪው ዓይነት በትክክል ካልተመረጠ የሚያሳየው የባትሪ መጠን ሐሰት ነው። በጥር ሌሊት በደብረ ማርቆስ ቅዝቃዜ ተራው ባትሪ ከወትሮው ፈጥኖ ይደክማልና በሥራው መሐል፣ ለምሳሌ እንግዶቹ ራት ሲበሉ፣ ቀረጻውን አቁሞ በአዲስ መቀየር ይሻላል። መጀመሪያ ማቆም፣ ከዚያ መንቀል፤ ቅደም ተከተሉ አይለወጥ።

በሠርግ ድንኳን ውስጥ መቅረጫው የት ይቁም? ከጄኔሬተሩና ከወጥ ቤቱ በሚርቅ ወገን፣ ከሁለቱ ሞንታርቦዎች እኩል በሚርቀው የመሐል መስመር ላይ፣ ከተቀመጡት እንግዶች ራስ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ። ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ቢደርስ ከሚያልፈው አስተናጋጅና ከሚጨፍረው ሕዝብ ይድናል። ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር ማሰር የሚያመች ይመስላል፣ ነገር ግን ነፋስ ሸራውን በነቀነቀው ቁጥር ምሰሶው ያንጎራጉራል። የመቆሚያው እግር ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ማስቀመጥ ይበቃል። ከሙሽራው ወገን ሴቶች አጠገብ ማቆም ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ እልልታ ከአንድ ሜትር ርቀት ሲመጣ ዘፈኑን ሁሉ ይውጠዋል።

ሜዳ ላይ ለሚደረግ ዝግጅት፣ ለጥምቀትም ሆነ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። ከመቅረጫው ጋር የሚመጣው የስፖንጅ ቆብ የአፍ ትንፋሽን እንጂ የሜዳ ነፋስን አይከላከልም፤ ጸጉራሙ ቆብ ያስፈልጋል። ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰው ማጣሪያ እዚህ ላይ፣ በ80 ኸርትዝ፣ ይከፈት፤ አዳራሽ ውስጥ ግን የከበሮውን አንጀት ስለሚቆርጥ ይዘጋ። በጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሣ የመቅረጫው ፊት ከነፋሱ እንዲዞር ማድረግም ይረዳል።

አንድ ጉዳይ ቀላል ስለሚመስል ብዙ ምሽት አበላሽቷል። በብዙ መቅረጫዎች የቀረጻው አዝራር አንድ ጊዜ ሲጫን መቅረጫው ይዘጋጃል እንጂ አይጀምርም፤ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ መለኪያውም ይንቀሳቀሳል፣ ሁለተኛ ካልተጫነ ግን ምንም አይያዝም። የሚታመነው መብራቱ ሳይሆን የሰከንድ ቆጣሪው መሮጡ ነው። ከዚያ የመቆለፊያው ቁልፍ ይዘጋ፤ ልጅ ነካው፣ እንግዳ አነሣው የሚባል ነገር እንዳይመጣ።

ከሥራው በኋላ

ፋይሎቹ በዚያው ሌሊት ወይም በማግሥቱ ጠዋት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሳይቀመጡ በካርዱ ላይ ያለው አይደምሰስ። ዋናው ዌቭ እንዳለ ይቀመጥና በግልባጩ ላይ ብቻ መቁረጥ፣ ማስተካከልና ድምፁን ከፍ ማድረግ ይቻላል። በቴሌግራም ለመላክ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ማድረግ ይበቃል፤ አንድ ሰዓት 144 ሜጋባይት ያህል ይሆናል።

ቅጂውን ማን ይይዛል፣ ለማን ይሰጣል የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ተነጋግሮ መጨረስ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለው፣ ለከዋኞች፣ ማለትም ለድምፃውያንና ለተጫዋቾች፣ መብት ይሰጣል፤ ያልተቀረጸ ክዋኔን መቅረጽም የከዋኙን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ በተለይ ለአዝማሪ ሥራ ይመለከታል፤ በሠርግ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የተደረደረ ግጥም በማግሥቱ በየስልኩ ቢዞር የግጥሙን ባለቤት ያስከፋል፣ የተወደሰውንም የተነካውንም ያስቀይማል። የሠርግ ባለቤት ቅጂ ሲጠይቅ በውሉ ላይ ከተስማሙ ሙሉውን መስጠት ይቻላል፤ ካልተስማሙ ደግሞ ኤምፒ3ው ይሰጠውና ዌቩ ቡድኑ ዘንድ ይቆይ።